የወሎ ወንዝ በሰው አገር ወር አይጠመድም፦ ስለ በጋ የትራውት ማባበያ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ደሴና ሐይቅ አካባቢ መንጠቆ የሚወረውሩ ወጣቶች ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሲቀባበሉ ሰንብተዋል። ጽሑፉ በበጋ ወራት (የእኛ ደረቅ ወቅት ሳይሆን የፈረንጆቹ ሞቃት ወቅት) ወንዝ ላይ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ለማጥመድ የትኛው ሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ነፍሳት እንዲመስል ላባና ክር የተጠመጠመበት መንጠቆ፣ የትኛው ብልጭልጭ ማባበያ እንደሚሻል ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ ጸሐፊው ይኸው ምርጫ ለቦርከና፣ ለሚሌና ለበሽሎም እንዳለ ይሠራል ብለዋል። ዝርዝሩ ለተዘጋጀለት ወንዝ ክፉ አይደለም፤ ለፍተው እንደጻፉትም ያስታውቃል። ወሎ ላይ ሲያርፍ ግን ከስምንቱ ምክሮች አብዛኞቹ ገንዘብ ያባክናሉ፣ ሁለቱ ዓሣውን ይጎዳሉ፣ አንዱ ደግሞ አጥማጁን ራሱን ለበሽታ ይዳርጋል። ስለዚህ እሳቸው በጻፉበት ቅደም ተከተል እንመልሳለን።

የመጀመሪያው ምክራቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል የሚል ነው። ምክንያታቸው የበረዶው ውሃ አልቆ ወንዙ ይጠራል፣ ውሃው ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ ነፍሳት ይበዛሉ የሚል ነው። ይህ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ወንዞች እውነት ነው። ወሎ ውስጥ ግን ሐምሌና ነሐሴ ዋናው ዝናብ የሚወርድባቸው ወራት ናቸው። በሽሎ ከደላንታ ተዳፋት አፈር ጠርጎ ይወርዳል፤ ሚሌም ቡናማ ሆኖ ነው የሚፈሰው። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ዓሣው በዓይኑ አይቶ የሚነክሰው ነገር ከአፍንጫው ሥር የደረሰውን ብቻ ነው። በላባ ተጠቅልሎ የተሠራ ዝንብ ደግሞ የሚሠራው በመታየቱ ነው፤ ካልታየ ባዶ መንጠቆ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ነጭ ዓሣ፣ ማለትም ባለ ጢሙና ባለ ትልልቅ ቅርፊቱ የባርበስ ወገን፣ ዝናቡ ሲጀምር ከዋናው ወንዝ ወደ ገባሮቹ ይወጣል። ጥልቀቱ ከጉልበት በታች በሆነና ጠጠር በተነጠፈበት ቦታ እንቁላሉን ይጥላል። በዚያ ጊዜ በጠባብ ቦታ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ቀላል አደን ይመስላል። እንቁላል የያዘችን እናት ከዚያ ማውጣት የሚቀጥሉትን ዓመታት ዓሣ ከሥሩ መንቀል ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ መንጠቆው ይሰቀል፤ እስከ መስከረም መጨረሻ አይውረድ። ይህን የምንለው አጥብቀን ነው።

ጸሐፊው ያላስተዋሉት መሠረታዊ ነገር ግን ሌላ ነው። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ በወርና በወር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው፤ በአንዱ ቀን ጠዋትና ቀትር መካከል ያለው ግን ብዙ ነው። ከፍታውም አብሮ ይሠራል። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ፣ 2,500 ሜትር ከሚደርስ ደጋ ተነሥቶ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሚሴ ደግሞ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ አንዱ ወንዝ ሁለት ዓይነት ወንዝ ነው። እናም እዚህ ወሩ የሚወስነው የውሃውን ጥራትና መጠን ነው፤ ሙቀቱን የሚወስኑት ሰዓቱና ከፍታው ናቸው። ማባበያ የሚመረጠውም እነዚህን ለይቶ በማየት እንጂ «በጋ ነው» ብሎ በጅምላ በመወሰን አይደለም።

በዚህ መሠረት ወሎ ውስጥ ለሰው ሠራሽ ዝንብ የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው፤ ወንዙ ጠርቶ፣ ገና ሳይቀጥን። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልጉ ይገባል፤ ዝናብ በጣለ ማግሥት ውሃው ይደፈርሳል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል፣ እንደገና ይደፈርሳል። ግንቦት ውሃው ቀጥኖ ዓሣው ወደ ጥልቅ ኩሬዎች ይጠጋል፤ ያኔ ጠዋት ብቻ ነው የሚሠራው። ባሌ ውስጥም ቢሆን፣ ትራውት ከኬንያ መጥቶ በተለቀቀባቸው እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች፣ የጠራው ውሃ የሚገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ነው። የሰኔው ዝርዝር ለአገራችን ትራውት እንኳ አይሆንም ማለት ነው።

የውሃውን ጥራት በዓይን ገምቶ ማለፍ አይበቃም። አንድ ሜትር በትር ጫፍ ላይ የመዳፍ ያህል ነጭ ጨርቅ ይታሰር፣ በትሩ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቢላ ምልክት ይደረግበት፣ ፀሐይ በጀርባ ሆና ወደ ውሃው ይውረድ። ጨርቁ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ወርዶም ከታየ ትንንሽና ደብዛዛ ዝንቦች ይሠራሉ። ከ30 እስከ 60 ላይ ከጠፋ ጠቆር ያሉና አንድ ደረጃ ተለቅ ያሉ ይሁኑ። ከ30 በታች ከጠፋ ዝንቡን ትቶ ስፒነር (ውሃ ውስጥ ሲጎተት የሚሽከረከር ቅጠል ያለው የብረት ማባበያ)፣ ከ15 በታች ከሆነ ደግሞ ለአምባዛ የሚሆን የምድር ትል እንጂ ሌላ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነጥባቸው «ወንዝ ላይ ያለ ዓሣ ሁሉ ትራውትን የወሰደ ዝንብ ይወስዳል» የሚል ሐሳብ ነው። የወሎ ወንዞች ዓሣ ትራውት አይደለም። ትራውት መንጋጋው ላይ ጥርስ አለው፣ ወደ ላይ እያየ ያድናል፣ ውሃው ፊት ላይ ያረፈ ነፍሳትን ለመልቀም ይነሣል። ነጭ ዓሣ አፉ ወደ ታች ይዘረጋል፣ መንጋጋው ጥርስ የለውም፣ የሚፈጨው በጉሮሮው ጥርስ ነው፤ በጢሙ ዳስሶ፣ ቀምሶ ይበላል። የሚበላውም ብዙ ዓይነት ነው፦ የነፍሳት እጭ፣ ቀንድ አውጣ፣ አልጌና የበሰበሰ ቅጠል፣ ሲተልቅም ትንንሽ ዓሣ። ስለዚህ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ማባበያው ከወንዙ ወለል አንድ መዳፍ ከፍታ ውስጥ መሆን አለበት። በጸሐፊው ዝርዝር ግን ከአሥር ዝንብ ሰባቱ የሚንሳፈፉ ናቸው።

ቆሮሶን (ቲላፒያን) በተመለከተ ደግሞ አጭር መልስ ይበቃል። ጎልማሳ ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ነው፤ ሐይቅ ላይ ስፒነር እየወረወሩ ቆሮሶ መጠበቅ ድካም ነው። አልፎ አልፎ የሚነክሰው ጎጆውን የሚጠብቅ ወንድ ተቆጥቶ ነው፤ እሱን ማውጣት ደግሞ መራባቱን ማሰናከል ነው። ለጾም ገበያ ተብሎ የሚፈለገው ዓሣ በመረብ ከሚወጣው ይገዛ።

ሦስተኛው፣ ዋናው ክፍላቸው፣ የዝንብ ዓይነት ዝርዝር ነው። ከሁሉ አስቀድመው ያስቀመጡት ስቶንፍላይ የሚባለውን ነፍሳት የሚመስል ትልቅ ዝንብ ነው። ይህ ነፍሳት በቀዝቃዛ አገር ወንዞች ይርመሰመሳል፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን የዚህ ወገን ዓይነቶች እጅግ ጥቂት ናቸው። የወሎ ዓሣ አዘውትሮ የማያውቀውን ምግብ መምሰል ምን ይረባል? ያለውን ማየት ይሻላል፤ ለማየትም ግማሽ ሰዓትና አንድ ነጭ ሳህን ይበቃል። ውሃው ፈጠን ብሎ በሚያልፍበት ቦታ ከዳቦ የማይበልጡ አምስት ስድስት ድንጋዮች ይነሡ፣ ሆዳቸው በለስላሳ ብሩሽ ወይም በጣት ሳህኑ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ይጠረግ። ድንጋዮቹ እንደነበሩ ወደ ቦታቸው ይመለሱ።

ሳህኑ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያለው፣ ጎኑ ላይ የሚንቀጠቀጥ የመተንፈሻ ቅጠል ያለው ቡናማ እጭ ነው፤ ርዝመቱ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። ይህ የሜይፍላይ እጭ ነው፣ ለሱም ቁጥር 14 ወይም 12 መንጠቆ ይስማማል። ሁለተኛው ራሱ ጠቆር ብሎ ሰውነቱ ደብዛዛ ነጭ ወይም አረንጓዴ የሆነ፣ መረብ የመሰለ ድር ሠርቶ ወይም ጠጠር አጣብቆ የሚኖር ትል ነው፤ ካዲስ ይባላል፣ ቁጥር 12 እና 10 ይሆነዋል። ሦስተኛው ቀይ ወይም ሐመር ቀጭን ትል ነው። እሱ ብቻ በዝቶ ሌሎቹ ከጠፉ ውሃው ተበክሏል ማለት ነው። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት ከኮምቦልቻ በታች ባለው ቦርከና የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ እዚያ የተያዘ ዓሣ አይበላ።

ከላይ የሚንሳፈፍ ዝንብ ጨርሶ አይሠራም አንልም። ጥቅምትና ኅዳር፣ ሣሩ ደርቆ አጨዳ ሲጀመር፣ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ ፌንጣ እያነሣ ወንዝ ላይ ይጥላል። ያኔ ነጭ ዓሣም ይነሣል። በዚህ ጊዜ ከማንኛውም የውጭ ዝንብ የሚበልጠው ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ ፌንጣ ነው፦ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 5 ስፋት፣ 20 ርዝመት፤ ቁጥር 8 መንጠቆ ላይ በክር ተጠፍሮ፣ እግሩ ከጎማ ክር። ዳር ካለው ሣር አንድ ክንድ ርቆ ጠብ ይበል። መሃል ወንዝ ላይ የወደቀ ፌንጣ የተፈጥሮም ጥቂት ነው፣ ዓሣውም እዚያ አይጠብቀውም።

አራተኛው «ለጀማሪ 24 ዝንብ የያዘ ሣጥን ይግዛ» የሚለው ምክራቸው ነው። ከሣጥኑ አብዛኛው አይነካም። የውሃ ውስጥ እጭ የሚመስለውን ዝንብ ደሴ ውስጥ በሚገኝ ነገር መሥራት ይቻላልና እዚህ ላይ ዘርዘር እናድርግ።

የሚያስፈልገው ቁጥር 12 ወይም 10 መንጠቆ፣ ቡናማ ቀጭን የፖሊስተር ስፌት ክር፣ ከተቃጠለ ሞተር ጥቅል የወጣ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የጥቁር ወይም የቡናማ በግ ፀጉር፣ ከአውራ ዶሮ አንገት አንድ ላባ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ነው። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ይታወስ፤ ቁጥር 14 ከቁጥር 10 ያንሳል።

የበጉ ፀጉር በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠብ። ያልታጠበ ፀጉር ቅባቱ አየር ይይዝና ዝንቡ አልሰምጥ ይላል፤ ብዙ ሰው «ዝንቤ አይሠራም» የሚለው በዚህ ነው። የመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የቀናችው እሾህ በፒንሳ ትጫን፣ ዓሣው ሳይቆስል እንዲወጣ። ክሩ ከመንጠቆው ዓይን 2 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ተጀምሮ እስከ መታጠፊያው ይጠምጠም፣ ሦስት አራት የላባ ጭረት እንደ ጭራ ይታሰር፤ ርዝመቱ የመንጠቆው አካል ግማሽ ይሁን። ከዚያ የመዳብ ሽቦው ጫፍ ይታሰርና ከፊተኛው ግማሽ ላይ 12 ዙር ተጠምጥሞ ክብደት ይሁን፤ ሌላ ቁራጭ ሽቦ ደግሞ ከኋላ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ፀጉሩ በጣም በስሱ፣ ክሩ በጥቂቱ እስኪታይ ድረስ፣ በጣት ተፈትሎ ክሩ ላይ ይታከልና ወደ ፊት ይጠምጠም። ፊተኛው ሲሶ ወፈር ይበል። ተንጠልጥሎ የቆየው ሽቦ ከፀጉሩ በተቃራኒ አቅጣጫ በአራት ወይም በአምስት ዙር ይለፍ። በአንድ አቅጣጫ ከተጠመጠመ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ አንድ ዓሣ እንደነከሰው ሰውነቱ ይተረተራል። ላባው አንድ ዙር ተኩል ብቻ ይዙር፣ ክሩ በአራት ቋጠሮ ይዘጋ፣ የጥፍር ቀለም ጠብታ ይድረቅበት።

ሁለት ስህተት ደጋግሞ ይታያል። አንዱ ዓይኑን በክር መድፈን ነው፤ 2 ሚሊ ሜትሩ የተተወው ለዚህ ነበር። ሌላው ማወፈር ነው። የተፈጥሮው እጭ ከሳህኑ ወጥቶ ከተሠራው ጎን ይቀመጥ፤ የተሠራው ከወፈረ ፀጉሩ ይቀነስ።

ክብደት ሲያንስ ከዝንቡ 20 ሳንቲ ሜትር በላይ ትንሽ እርሳስ ክሩ ላይ በፒንሳ ይቆንጠጥ። ጎሚስታ ቤት ከሚጣለው የጎማ ሚዛን የሚገኘው ይበቃል፤ ግን አሁን ዚንክና ብረትም ስላለ በጥፍር ይፈተሽ፣ እርሳስ ከሆነ ይጫራል። በጥርስ አይነከስ፣ ከነኩት በኋላም እጅ ይታጠብ፤ እርሳስ መርዝ ነው።

ጸሐፊው ውድ ዘንግና መዘውር ግድ ነው ማለታቸውም ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንደ ላይኛው ሚሌ ላለ ጠባብ ወንዝ 4 ሜትር ቀላል ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ፣ ጫፉ ላይ የታሰረ 3 ሜትር ተኩል ባለ 0.28 ሚሊ ሜትር ክር፣ ከሱ ቀጥሎ 1 ሜትር ባለ 0.18 ክር ይበቃል። ይህ 0.18 ክር በውጭው አጠራር 4ኤክስ የሚባለው ነው፤ ለቁጥር 12 እና 10 ዝንብ ይስማማል። ዝንቡ ወደ ላይኛው ወራጅ 45 ዲግሪ ገደማ ይወርወር፣ ክሩ ሳይጎትተው ከውሃው እኩል ይውረድ። ምልክት የሚሆን የአተር ያህል ቡሽ ከዝንቡ የውሃውን ጥልቀት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ርቆ ይታሰር። አምስት ጊዜ ተወርውሮ አንዴም ወለሉን ካልነካ እርሳስ ይጨመር፤ በየጊዜው ከተያዘ ይቀነስ። ቡሹ ሲቆም ወይም ወደ ጎን ሲሄድ ዘንጉ በእጅ አንጓ ብቻ ከፍ ይበል። ነጭ ዓሣ ቀምሶ ስለሚተፋ እስኪሰምጥ የጠበቀ ዘግይቷል።

አምስተኛው ነጥብ ስለ ስፒነር ነው። «በበጋ ዓሣው ሰነፍ ስለሚሆን በትልቅ ማባበያ ይቀስቀስ» ይላሉ፤ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ይመክራሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ውሃው ሲቀንስና ሲጠራ ዓሣው ይሸሻል እንጂ አይሰንፍም፤ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ 10 ግራም ብረት ሲወድቅ ኩሬው ሁሉ ይበታተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ግራም፣ ቅጠሉ ሞላላና ቀጭን የሆነ ይሻላል። ከ7 እስከ 10 ግራም ያለው ሥፍራው በሽሎ ገደል ውስጥ ላሉ ጥልቅ ኩሬዎች ነው። ሦስት ጥፍር ያለው መንጠቆ ወልቆ በአንድ ጥፍር ይተካ፤ ድንጋይ ላይም ያነሰ ይያዛል፣ የዓሣውንም አፍ አይቀድም።

ስፒነር ሲዞር ክሩንም ያጠማዝዛል። ከስፒነሩ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ክሩ ላይ ትንሽ መዞሪያ ካልገባ ከጥቂት ውርወራ በኋላ ክሩ ተጠቅልሎ ይተበተባል። ወደ ላይኛው ወራጅ ከተወረወረ ከውሃው ጥቂት ፈጥኖ ይጎተት፤ ወደ ታች ከተወረወረ ውሃው ራሱ ስለሚያዞረው መጎተቱ በጣም ዝግ ይበል። ቅጠሉ መዞሩ በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ስስ ንዝረት ይሰማል። ንዝረቱ ከጠፋ ሦስት ነገር ይታይ፦ አልጌ ተጠምጥሞበት እንደሆነ፣ ቅጠሉን የያዘችው ትንሽ ማንጠልጠያ ተጣማ እንደሆነ፣ ወይም መጎተቱ ዘግይቶ እንደሆነ።

ስድስተኛው ስለ ቀለም ነው፤ ቀይ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብለዋል። በጠራ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ቀይ ብርሃን ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠፋልና ቀይ ማባበያ እዚያ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ጭቃማ ቡናማ ውሃ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊው ቀድሞ ስለሚጠፋ ብርቱካንማና መዳብማ ቀለም ይሻላል። ለጠራ ውሃና ለደማቅ ፀሐይ የደበዘዘ ብርማ፣ ለጥቂት ድፍርስ መዳብ ወይም ወርቃማ፣ ለንጋትና ለምሽት ጥቁር። ከዚህ በላይ በቀለም መጨነቅ አያስፈልግም፤ ጥልቀቱን ያልመታ ማባበያ በየትኛውም ቀለም አይነከስም።

ሰባተኛው ስለ ሰዓቱና ስለ ሙቀቱ ነው። ጸሐፊው ከምሽቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ሦስት ሰዓታት ይመርጣሉ፣ ቀትርንም አይከለክሉም። እነሱ ዘንድ በዚያ ወቅት ምሽቱ ረጅም ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨልማል። ሦስት ሰዓት የሚባል ምሽት የለንም፤ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ያለው ነው ምሽቱ። ጠዋቱ ይበልጣል፦ ሌሊቱ ውሃውን አቀዝቅዞታልና ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ዓሣው ይበላል። ደጋ ላይ፣ በተለይ ታኅሣሥና ጥር ውርጭ ባለበት ሌሊት ማግሥት፣ ግን ውሃው በጣም ስለሚቀዘቅዝ እስከ 3 ሰዓት መታገሥ ይጠቅማል።

ሙቀቱን መለካት ለሚፈልግ የሐኪም ቴርሞሜትር አይሠራም፤ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። የምግብ ወይም የዓሣ ገንዳ ቴርሞሜትር ይያዝ፣ ጥላ ሥር አንድ ክንድ ጥልቀት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ጸሐፊው ትራውትን እስከ 21 ዲግሪ ማጥመድ ይቻላል ብለዋል። ይህ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ላላለ አገር የተባለ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፦ ባሕር ጠለል ላይ 10 ዲግሪ ውሃ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ፣ 20 ዲግሪው 9 ያህል ብቻ ይይዛል። 3,000 ሜትር ላይ፣ እንደ ባሌው ዲንሾ ባለ ቦታ፣ የአየሩ ግፊት ወደ ሰባ በመቶ ስለሚወርድ ያው 20 ዲግሪ ውሃ ከ6 ተኩል አይዘልም። ታግሎ የደከመ ትራውት ተለቆ ሲዋኝ የዳነ ይመስላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ሊሞት ይችላል። እኛ ባሌ ለሚሄድ ወሎዬ የምንለው 18 ዲግሪ ሲደርስ መንጠቆውን ይሰብስብ ነው። ነጭ ዓሣና አምባዛ ሙቀት ይችላሉ፤ አምባዛ እንዲያውም ከአየር ይተነፍሳል። ቢሆንም የሚለቀቅ ዓሣ በረጠበ እጅ ይያዝ፣ ከውሃ ሳይወጣ መንጠቆው ይነቀል፣ ፊቱ ወደ ወራጁ ዞሮ ራሱ እስኪሄድ ይደገፍ።

እግረ መንገዳቸውን ከባሌ የትራውት ጫጩት አምጥቶ ወሎ ደጋ ወንዞች ውስጥ መልቀቅን እንደ ጥሩ ሐሳብ ጥለዋል። ይህ ፈጽሞ አይደረግ። የትራውት እንቁላል ሞቅ ያለ ውሃ አይችልም፤ ከ15 ዲግሪ በላይ ተስፋ የለውም። በሚኖርበት ቀዝቃዛ ምንጭ ደግሞ የአገሩን ትንንሽ ዓሣና እጭ ይጨርሳል። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ቆሮሶ የተለቀቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዓሣ አጥማጁን ጠቅሟል፣ ግን የሐይቁ የጥቃቅን እንስሳት ስብጥር ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ዓሣ ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ የሚዘዋወረው በግለሰብ ባልዲ አይደለም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው እንዲህ ያለውን ነገር ሥርዓት ለማስያዝ ነው። በዚያው ልክ በብርብራ ፍሬ ኩሬ መመረዝም ይቅር፤ ትልቁን ብቻ ሳይሆን ጫጩቱንና እጩንም ይፈጃል።

የመጨረሻው ምክራቸው ከሁሉ ያሳሰበን ነው። በበጋ ሙቀት ቁምጣ ለብሶ፣ ባዶ እግር ውሃ ውስጥ ገብቶ ማጥመድ ይመከራል ይላሉ። ለቀዝቃዛ አገር ወንዝ ችግር የለውም። ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ባቲ አካባቢ ግን ቢልሃርዚያ አለ። ተሸካሚዋ ትንሽ ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ የምትኖረው ሣር ባለበት፣ ዝግ ባለና ሞቅ ባለ የወንዝ ዳር ነው፤ ከሷ የሚወጣው ተውሳክ ቁጥሩ ከሁሉ የሚበዛው ፀሐይ በበረታችበት፣ ከረፋድ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ነው። ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። እናም ከዳር ቆሞ ይወርወር፤ ሸምበቆው 4 ሜትር እንዲሆን ያልነውም በከፊል ለዚህ ነው። መግባት ግድ ከሆነ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ይደረግ፣ ውሃው ፈጣንና ጠጠራማ በሆነበት፣ በማለዳ። ውሃ የነካው ቆዳ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይታሸት። በኋላ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም ያለበት ሰገራ የታየበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ወንዝ እንደገባ ይናገር፣ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድናል። በሽሎ ውስጥ የሚያጠምድ ደግሞ ራሱ የቆመበት ሰማይ ጠራ ብሎ አይዘናጋ፤ በልጉ ላይ ደራሽ የሚመጣው ከላይ ከጣለው ዝናብ ነው። ውሃው በድንገት ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ዕቃ ሳይሰበስብ ወደ ከፍታው ይውጣ።